ምሰሶው ይቅዳለት

የእህቴ ባል ሸረፋ ከሚስቱ ጋር አይነጋገርም። ተጣልተው አይደለም። ከተጋቡ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ውሃ ሲፈልግ የሳር ቤቱን ጣሪያ ወደ ተሸከመው ምሰሶ ይዞርና «ውሃ ቢኖር» ይላል። ሲርበው «ምሳ ከደረሰ» ይላል። ጥጃ ወደ ቤት ከገባ «በሩ ክፍት ነው» ይላል። እህቴ ዘይባ ትነሳለች፤ ውሃውን ትቀዳለች፣ ምሳውን ታቀርባለች፣ በሩን ትዘጋለች። እሷም የምትለው ሲኖራት ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው። «ጨው አልቋል» ትላለች ለእሳቱ። በማግስቱ ጨው ይመጣል።

አይመታትም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። አይመታትም፣ አይሰድባትም፣ ሁለተኛ ሚስት አላገባባትም፣ ልጅ አልወለደችም ብሎም አላባረራትም። «ታዲያ ምን ጎደለባት?» ይሉኛል። እንዲህ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የማስረዳበት ትዕግሥት የለኝም።

ታሪካቸው አጭር ነው። ሸረፋ መርካቶ ከወንድሙ ጋር ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አባቱ ታመሙና መሬቱን የሚይዝ ሲጠፋ ጠሩት። መጥቶ እንዳይመለስ ደግሞ ዳሩት። የዳሩለት እህቴን ነው፤ እሷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥር። እሷን ማንም አልጠየቃትም፤ እሱንም የጠየቁት ለወጉ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ሸረፋ እህቴን የሚያያት የታሰረ በሬ ገመዱን እንደሚያየው ነው። ገመዱ ያጠፋው ነገር የለም። ግን ገመድ ነው።

እኔ ወልቂጤ ተማርኩ። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ እዚያው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዛሬ ዓመት ኅዳር ላይ ለአንድ ሳምንት አገር ቤት ገባሁ። መንደራችን ከቡታጅራ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። የደረስኩት ዘይባ ጎረቤት ጠርታ እንሰት በምታስፍቅበት ሳምንት ነበር።

እንሰት ተክሎ የሚያሳድገው ወንድ ነው። አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ሲደርስ ግን የሴት ይሆናል። ሴቶቹ ይቆርጡታል፣ ይፍቁታል፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ እዚያ ከርሞ ቆጮ ይወጣዋል። ሲፋቅ ወንድ አይቀርብም። ሥራው ቀሚስ እስከ ጉልበት ሰብስቦ፣ አንድ እግር ወደ ላይ አንስቶ፣ እንሰቱን በተረከዝ ከጣውላ ጋር አጣብቆ ነው። የግድ በዚያ የሚያልፍ ወንድ ካለ ከሩቅ ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ ይስላል። ሴቶቹ «ቆይ!» ይሉታል። ይሸፋፈናሉ። ከዚያ «እለፍ» ሲሉት ፊቱን አዙሮ ያልፋል።

የሚሸፈነው እግር ብቻ አይደለም። እዚያ ይዘፈናል። እያንዳንዷ በተራዋ ሁለት ስንኝ ትጥላለች፤ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ባሏ እህቶች። የተባለው ከቆጮው ጋር እዚያው ጉድጓድ ይቀራል። ይህን ሕግ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። የሚነገርም ነገር አልነበረም።

የጀመረችው አሚኔ ናት። አሚኔ የዘይባ የአጥር ጎረቤት፣ ሃምሳ የሚጠጋት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«የኔማ ባል ሲተኛ ጎረቤት ይነቃል፣
ላሟም ከድንጋጤ ወተቷ ይደርቃል።»

«አንቺ! ላምሽ የነጠፈችው በእሱ ነው እንዴ?» አለቻት አንዷ።

«ታዲያ በማን? ወላሂ ሐኪሙ መጥቶ ላሟን ትቶ እሱን ነው የመረመረው።»

ሳቁ ካበቃ በኋላ አሚኔ መፋቂያዋን ወደ እህቴ ቀሰረች። «ዘይባ፣ ተራሽ ነው።»

«እኔ ምን አለኝ?»

«ባል የለሽም?»

«ያለኝ ይመስለኛል» አለች ዘይባ፤ እንደገና ተሳቀ። ከዚያ አንገቷን ሳታቀና፣ እጇን ሳታቆም፣ በቀጭን ድምፅ ጣለችው። በቋንቋችን ነው ያለችው፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦

«ምሰሶውን ‘ውሃ’ ይለዋል ሲጠማው፣
እኔ ነኝ የምሄድ፣ ምሰሶው አይሰማው።»

ማንም አልሳቀም። አሚኔ ብቻ «ኧረ በረካ ሁኚ» አለችና ቶሎ ብላ ሌላ ዘፈን አነሳች። እኔ ስንኞቹን በልቤ ይዤ ወጣሁ። ለመቅዳት ስልኬ እንኳ አላስፈለገኝም።

ጥር ላይ ወልቂጤ ውስጥ ወጣቶች የሚያዘጋጁት የግጥም መድረክ ነበረ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። አሥራ ሁለት ስንኝ ጽፌ ሄድኩ። ስምንቱ ስለ ዝምታ ናቸው፤ የሚደገሙ አይደሉም። ዘጠነኛውና አሥረኛው የእህቴ ናቸው፤ እንዳሉ ነው ያስገባኋቸው። ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻልኩም። ሴትየዋ ውሃ እንደቀዳች እንድትቀር አልፈለግኩም። ስለዚህ ሁለት ስንኝ ጨመርኩ፦

«ዛሬ ግን በር ከፍቼ ወጣሁ ሳልነግረው፣
ምሰሶው ይቅዳለት፣ ምሰሶው ያናግረው።»

አዳራሹ ተነሳ። ሴቶቹ አፏጩ። አንዲት የማላውቃት ልጅ መጥታ አቀፈችኝ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሮ በቴሌግራም ለቀቀው፤ ከዚያ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ስም አልጠራሁም፣ መንደር አልጠራሁም። ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት ሊያልቅ ሲል እናቴ ደወለች።

«ሳቢሪን፣ መች ነው የምትመጪው?»

«ምን ሆናችሁ እማዬ?»

«ሸረፋ አልተከለም።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች! እንሰቱን ነዋ። የካቲት አለቀ እኮ፣ በልጉ ደረሰ። ችግኙ ተጨናንቆ መደቡ ላይ ቆሟል፤ እሱ ዞር ብሎም አላየው።»

«ታሞ ይሆናላ።»

«ጫቱን ይለቅማል፣ የበርበሬ መሬቱን ያርሳል። ምን ያመዋል?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግጥምሽን አይቶታል።»

ግጥሙና ችግኙ ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። እንሰት ከተተከለ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት እንደሚደርስ፣ ችግኙ በወቅቱ ካልተዛወረ እንደሚቀጭጭ ለፈተና አጥንቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሌላውን እናቴ ናት ያስረዳችኝ፤ በማግስቱ ቤቷ ስደርስ፣ ቦርሳዬን ገና ከትከሻዬ ሳላወርድ።

ሸረፋ ቪዲዮውን ያየው ቡታጅራ ጫት በሚያስረክብበት ቦታ ነው። አንዱ ስልኩን ይዞ «ይህቺ የሚስትህ እህት አይደለችም እንዴ?» አለው። ሰብሰብ ብለው ሰሙት። ምሰሶውን ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ከሰዓት ስሙን «ሸረፋ ምሰሶ» አሉት፤ እስከ ዛሬም ይሉታል። ቤቱ ገባ። ቃል አልወጣውም፤ ለምሰሶውም ቢሆን። የመትከያው ጊዜ ሲደርስ ግን ዶማውን አላነሳም።

«ወንድ እንሰት የሚተክለው ለዛሬ አይደለም» አለች እናቴ። «አምስት ዓመት ቆይታ ለምትፍቀው ሴት ነው። ካልተከለ እንግዲህ...» አልጨረሰችውም።

«ሂጂ ማለቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሽማግሌው ሐጂ ሸምሶ ሄደው ‘ምነው ልጄ፣ ዝናቡ ሊያመልጥህ ነው’ ቢሉት፣ ‘የምትሄድ ሴት ናት ያለችኝ፤ ለማን ልትከል?’ ብሎ መለሳቸው። አየሽ? እሷ እሄዳለሁ ያለች መስሎታል። ስድስት ልጅ ወልጄ አንድ ቀን የቤቴን ነገር ከቤቴ አላወጣሁም።»

«ችግሩ እኮ እሱ ነው እማዬ።»

«ችግሩስ ያንቺ አፍ ነው።»

ከእናቴ ቤት እስከ ዘይባ ቤት በጀፎረው፣ በቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። የሸረፋ የችግኝ መደብ ከመንገዱ ይታያል። እናቴ እንዳለችው ነው፤ ችግኞቹ ቅጠላቸው ተደራርቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ ቆመዋል። ከጎኑ በየዓመቱ አዲስ ተከላ የሚገባበት መሬት ባዶ ነው፤ አረም እንኳ አልተነቀለለትም። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ያየ ሁሉ ይገባዋል። እኔ ብቻ ነበርኩ የሚነግረኝ ሰው የፈለግኩት።

ዘይባ ደጃፍ ላይ ሰሌን አንጥፋ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ሻይ ፔርሙዝ ውስጥ አለ፤ ቅጂ።»

አልቀዳሁም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ግጥሙን አየሽው?»

«አሚኔ በልጇ ስልክ አሳየችኝ። ድምፅሽ ያምራል።»

«ዘይባ...»

«ሻሽሽ አዲስ ነው። ከየት ገዛሽው?»

«ተቆጪኝ በቃ! ምን ዙሪያ ጥምጥም ትሄጃለሽ?»

«ተቆጥቼ ምን ላድርግ?» በርበሬውን ቀነጠሰች። «ያልኩትን ነው ያልሽው። ያላልኩትን ነው የጨመርሽው። ሁለቱም ጥሩ ቤት መቱ።»

ይቅርታ ልላት ነበር፤ ግን ከዚያ በፊት ማወቅ የፈለግኩት ነገር ነበረ። «ካልተከለ ትሄጃለሽ?»

ጣቶቿ ቀይ ናቸው፤ በክንዷ ግንባሯን ጠረገች።

«አሥራ ሁለት ዓመት፣ በየዓመቱ አርባ ይተክል ነበር» አለች። «አንድ ዓመት አልዘለለም። አባቱ የሞቱ ጊዜ ከሐዘን ድንኳን ተነስቶ ሄዶ ነው የተከለው፤ ሰው አምቶታል። ሌላ የሚለኝ ነገር የለም። በየዓመቱ ‘አምስት ዓመት ተቀመጪ’ ይለኛል። እሺ እላለሁ። እፍቃለሁ።»

«ይሄ ንግግር አይደለም። ይሄ እርሻ ነው።»

«ላንቺ ነዋ።»

እስከ ዛሬም እርሻ ነው ባይ ነኝ። አንድ ሰው ከሌላ ሰው አርባ ችግኝ እየተቀበለ ቃሉን እንደሰማ ይቁጠር መባሉ ያናድደኛል። ግን እህቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ስትሰማ ኖራ ያን ዓመት መስማት አቁማ ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ተኝቶ ሲነቃ ጆሮው የደነቆረ ሰው ፊት ነበር።

ተነስቼ ወደ ሸረፋ ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ፣ ጫቱ መካከል ቆሞ ለጋውን ይለቅማል። አርባ ሊሞላው ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ጢሙ በደንብ የተስተካከለ ሰው ነው። መልኩን ሰው አይጠላውም።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አለ ለጫቱ።

«የግጥሙን መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በር ከፍቼ ወጣሁ የሚለውን። ዘይባ አላለችውም። አስባውም አታውቅም።»

መልቀሙን ቀጠለ። ከዚያ እጁ ላይ ላለው ቅጠል እንዲህ አለ፦ «ሰው አለ፤ ከተማ ተቀምጦ የሰው ቤት በር ይከፍታል።»

«እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ልትቀጣ የሚገባህ እኔን ነው። እሷን ለምን ታስጨንቃታለህ?»

«የሚሄድ ሰው ቆጮ አይፍቅም። የማይፋቅ እንሰት ይበሰብሳል።»

«አትሄድም እኮ አልኩህ!»

«ሁለቱን ስንኝ ማን ነው ያላቸው?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ከመጨረሻው በፊት ያሉትን፣ የውሃውን።»

ምን ልበል? እሷ ናት ብል የተቀበረውን ሁለተኛ ጊዜ ቆፍሬ ማውጣቴ ነው። እኔ ነኝ ብል አያምነኝም፤ ምሰሶውን ውሃ ሲል የኖረው እሱ፣ የቀዳችው እሷ ናቸው። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው። መልስም ነበር።

«እያየኸኝ ተናገር!» አልኩት። መታገስ አቃተኝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ሰው እያየህ ተናገር!»

ዞሮ አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ዓይኑ ውስጥ የጠበቅኩት ቁጣ አልነበረም። አፍሮ ነበር። የሚናገረው ነገር ያለው መሰለኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫቱን በኮባ መጠቅለል ጀመረ።

«ምሳ ሳይደርስ አይቀርም» አለ ለኮባው።

ምሳ ላይ ሦስት ነበርን። ሳር ቤቱ ውስጥ ብርሃኑ በበሩ ብቻ ነው የሚገባው። ሸረፋ ከምሰሶው ማዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዘይባ ቆጮና ጎመን አቀረበች፤ አይብ ጨመረችበት። ውጭ ዶሮ ትጮሃለች። እኔ በማላውቀው ምክንያት የምሰሶውን ቋጠሮዎች እየቆጠርኩ እበላ ነበር።

«ውሃ ቢኖር» አለ ሸረፋ።

ከግጥሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለቱ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። አንድ ወር ውሃውን ራሱ እየቀዳ ይጠጣ ነበር።

ዘይባ አልተነሳችም።

እጇ ሳህኑ ጠርዝ ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ አፍታ፣ ሁለት። አሁን ትወጣለች አልኩ። በሩ እንደሆነ ክፍት ነው፤ ተነስታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ያንን በር አልፋ በጀፎረው ላይ ስትሄድ ታየኝ። እንዲያውም ቦርሳዬ የት እንዳለ አሰብኩ። አብሬያት ለመሄድ።

ተነሳች። ጆጉን አነሳች። ውሃውን በብርጭቆ ቀዳች፤ ግን እንደ ወትሮው ከምሰሶው ሥር አስቀምጣ አልተመለሰችም። ዞራ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ብርጭቆውን እጁ ድረስ ዘረጋችለት።

«ሸረፋ» አለችው።

ስሙን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእሱም የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«አልሄድም። እስክናረጅ እዚሁ ነኝ። የምልህ ይሄን ነው። ትከል።»

ብርጭቆውን ተቀበላት። ጠጣው፤ ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ። ተነስቶ ዝቅ ብሎ በበሩ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የዶማ ድምፅ ሰማን።

ከሰዓቱን ሙሉ ተከለ። ሐጂ ሸምሶ በጀፎረው ሲያልፉ አዩትና «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በረካ ያድርገው» ብለውት ሄዱ። አሚኔ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ልጆች፣ ዘንድሮስ ልንራብ ነበር!» አለች። መንደሩ በሙሉ ቀለለው። አርባ ችግኝ፤ ተራመድኩበትና ቆጠርኩት። ርቀቱ ትክክል ነው፣ ጥልቀቱ ትክክል ነው። እንዲህ የሚተክል ተማሪ ቢኖረኝ መቶ እሰጠው ነበር።

ፀሐይ ሳትገባ ዘይባና እኔ ከቤቱ ጀርባ ልብስ እናወርዳለን። እኔ ንዴቴን መዋጥ አቅቶኛል።

«ለምን አልሽው?» አልኳት። «ለምን? እሱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ዶማ በማስቀመጥ ብቻ አስማለሽ። እሱ እኮ ‘ቅሪ’ አላለሽም።»

«አላለኝም።»

«ታዲያ?»

የሸረፋን ሸሚዝ አጠፈች፤ ክንዶቹን ወደ ውስጥ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ። «ከረመዳን በኋላ ልሄድ ነበር» አለች።

የያዝኩት አንሶላ መሬት ነካ።

«ቡታጅራ መናኸሪያው ጋ ሰልሚያ የምትባል ሴት ክትፎ ቤት አላት። ቆጮ ከኔ ነው የምትወስደው። ‘መጥተሽ ብትጋግሪልኝ ከጀርባ ክፍል አለ’ ካለችኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ እሺ ብያት ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ለእማዬም፣ ላንቺም።»

«ታዲያ ሂጂ! ዛሬ ሂጂ! እኔ...»

«ዝም በይ እስኪ።» እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። «ብሄድ ምን ሊባል ነው? ‘የግጥሟ ሴት ሄደች።’ ክትፎ ቤቱ የገባ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ‘ምሰሶው ይቅዳለት ያለችው እሷ ናት’ ይለኛል፤ ያላልኩትን። እሱንም አሁን ጥዬው ብሄድ ቡታጅራ ውስጥ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይሄድም። እንዲያ አድርጌ ልሄድ አልነበረም ያሰብኩት። ዝም ብዬ ነበር የምሄደው፤ እንደኖርኩት። እሱም ዝም ብሎ ይለቀኝ ነበር። ይገባው ነበር።»

«አሁንም ይገባዋል።»

«አሁን ቃል አለ።» ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «አሥራ ሁለት ዓመት መሄዱንም መቅረቱንም ሳልናገር ይዤው ነበር፣ ሳቢሪን። የራሴ የምለው እሱ ብቻ ነበር። አንቺ መሄዱን ተናገርሽብኝ፤ ለእኔ የቀረኝ መቅረቱ ብቻ ነው።»

ይቅርታ አልኳት። «እሺ» አለች፤ ጨው አልቋል ስትል በምትለው ድምፅ። ልብሱን ተሸክማ ገባች።

ቪዲዮውን እንዲያጠፉት ጠየቅኩ። ቴሌግራም ላይ የለቀቀው ልጅ አጠፋው፤ ሌሎቹ አላጠፉትም። ወልቂጤ ውስጥ እስከ ዛሬ አንዳንድ ሴት መንገድ ላይ ታስቆመኝና የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በቃሏ ትልልኛለች። «ስንቷን ነፃ አወጣሽ መሰለሽ!» አለችኝ አንዷ። አመሰግናለሁ ብዬ አለፍኩ። ሰልሚያ ሌላ ጋጋሪ ቀጥራለች።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ እንደገና አገር ቤት ሄድኩ። ሸረፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እንግዳ መጥቷል» አለ፤ ለበሩ። የተከላቸው አርባዎቹ ከጉልበቴ በላይ ሆነዋል፤ አንድም አልደረቀ። ዘይባ የት እንዳለች ስጠይቀው በእጁ ወደ እንሰቱ ጠቆመ። ስሟን አልጠራም። ያን ቀን ምሳ ላይ ከጠራችው በኋላ እሷም ደግማ አልጠራችውም፤ አሚኔ ናት የነገረችኝ።

ወደ እንሰቱ ሄድኩ። ከሩቅ ይሰማል፤ የመፋቂያው ድምፅ፣ ሳቁ፣ የአሚኔ ጉሮሮ። አንዷ ስንኝ ጣለች፤ ቃሉን አልለየሁትም፤ ተከትሎ ሁሉም ጮሁ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ተነሳ። የእህቴ ነበር። ቆም ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ከዚያ ጆሮዬን መጣሌ አሳፈረኝና ኮባውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ።

ድምፁ እንደ ክር ተበጠሰ። ሰባት ሴቶች አዩኝ። አንዷ ቀሚሷን ከጉልበቷ ወደ ታች ሳበች።

«ኧረ መምህራችን መጣች!» አለች አሚኔ፤ ፈገግ ብላ፤ ቶሎ ብላ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ወልቂጤ ዝናቡ እንዴት ነው?»

ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። የመፋቂያ ጣውላ ቢሰጡኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ ማንም አልሰጠኝም። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ዘፈኑ ከኋላዬ እንደገና ሲነሳ ሰማሁት።

በማግስቱ እናቴ የምሳ ዕቃ ሰጥታ ወደሚፍቁት ሴቶች ላከችኝ። የምሄድበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ከኮባዎቹ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ዘይባ እየዘፈነች ነበር። ዕቃውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ ሳልኩ።

ዘፈኑ ቆመ።

«ቆይ!» አለች ዘይባ።

ቆየሁ።